ሩቱን ማን መረጠው?

«ስፓኒንግ ትሪን አትንካው፤ ራሱ ያውቃል።» በመሥሪያ ቤቶቻችን የአይቲ ክፍሎች ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተወደደ ምክር ያለ አይመስለኝም። ጀማሪው ከአለቃው ይሰማዋል፤ አለቃው ደግሞ ስዊቾቹን ከተከለው ተቋራጭ ሰምቶታል። እናም አዲስ ስዊች ከካርቶኑ ሲወጣ ራክ ላይ ይታሰራል፣ ስም ይወጣለታል፣ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ ቪላኖቹ ይከፈላሉ። ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም እጁን ይሰበስባል። «ዲፎልቱ ይበቃል» ተብሎ ይታለፋል።

አይበቃም። ዲፎልቱ ሉፕ፣ ማለትም መልእክት ሳያቆም የሚዞርበት ቀለበት፣ እንዳይፈጠር ይጠብቃል እንጂ ቢሯችሁን አያውቅም። የትኛው ስዊች ሰርቨር ክፍል ውስጥ በዩፒኤስ ተደግፎ እንደተቀመጠ፣ የትኛው ደግሞ ኮሪደር ዳር ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ አቧራ እንደለበሰ አያውቅም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የምታውቁትን ሳትነግሩት «ራሱ ያውቃል» ብሎ መሄድ የኔትወርክን ንድፍ ለዕጣ መስጠት ነው።

ከመፍረዳችን በፊት የተከሳሹን ቃል እንስማ፤ ክርክሩ የዋዛ አይደለም። አንደኛ፣ ፕሮቶኮሉ ከጥንቱም የተሠራው ሰው ሳይነካው እንዲሠራ ነው ይላሉ። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሳሉ የነደፉት ስልት ብሪጆች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ትርፍ መንገዶችን በራሳቸው እንዲያግዱ የሚያስችል ነበር። ሰክቶ መሄድ ነው። ሁለተኛ፣ የድሮው ቀርፋፋነት ቀርቷል። በቀድሞው ስፓኒንግ ትሪ መስመር ሲቆረጥ ኔትወርኩ እስኪረጋጋ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በ802.1ደብልዩ ደረጃ የመጣው ራፒድ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ታዲያ የኔትወርኩ ማዕከል የሚሆነው ስዊች፣ ሩቱ፣ የትም ቢቀመጥ ማን ያስተውለዋል? ሦስተኛ፣ መነካካት ራሱ አደጋ ነው፤ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሙሉ ሕንፃ ይጠፋል። አራተኛ፣ ትርፍ መስመር የሌለው ቢሮ ሉፕ ከየት ይመጣበታል? አምስተኛ፣ ዓለም ከስፓኒንግ ትሪ እየወጣ ነው፤ ለሚያልፍ ነገር ምን አደከመን?

አምስቱም የእውነት ፍሬ አላቸው። አምስቱም ግን ያ እውነት የማይሸከመውን መደምደሚያ ይጭኑበታል። በየተራ እንያቸው።

«ራሱ ይመርጣል»

አዎ፣ ይመርጣል። ግን በምን መስፈርት? እያንዳንዱ ስዊች ሁለት ክፍል ያለው መታወቂያ አለው፦ መጀመሪያ ፕራዮሪቲ የሚባል ቁጥር፣ ቀጥሎ ፋብሪካው የሰጠው ማክ አድራሻ። አነስተኛው ያሸንፋል፤ ሩት ብሪጅም ይሆናል። የፕራዮሪቲው ዲፎልት 32768 ነው። ማንም ካልነካው ሁሉም ስዊቾች እኩል 32768 ስለሚሆኑ ምርጫው በማክ አድራሻ ይወሰናል። የእድር ሊቀመንበር የቤት ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ተመረጠ ቢባል ማን ዝም ይላል? እኛ ግን በኔትወርካችን ላይ ይህንኑ አድርገን «ራሱ ያውቃል» እንላለን።

ይባስ ብሎ የማክ አድራሻ ትንሽነት ብዙ ጊዜ የዕድሜ ምልክት ነው። ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ቀደም ባሉት ዓመታት ለአምራቾች የተከፋፈሉት አድራሻዎች አብዛኞቹ በዜሮ ዜሮ የሚጀምሩ ናቸው። ስለዚህ አዲሱ፣ ፈጣኑ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ኮር ስዊች ይሸነፍና ከመዝገብ ቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ ስዊች የመላው ኔትወርክ ማዕከል ሆኖ ይመረጣል። ዲፎልቱ ለወጣት አያደላም፤ ለብርቱም አያደላም።

ይህ ምን ያጎድላል? በቁጥር እንየው። ሁለት ኮር ስዊቾች አሉን እንበል፤ በመካከላቸው የ10 ጊጋቢት መስመር ተዘርግቷል። አንድ አሮጌ አክሰስ ስዊች ደግሞ በ1 ጊጋቢት ከሁለቱም ጋር ተገናኝቷል። ሩት ብሪጅ የሆነው ይህ አሮጌው ነው። በቀድሞው አቆጣጠር የ1 ጊጋቢት መስመር ዋጋ 4፣ የ10 ጊጋቢት ዋጋ 2 ነው። እያንዳንዱ ኮር ስዊች ወደ ሩቱ የሚወስደውን ርካሹን መንገድ ሲያሰላ ቀጥታው መስመር 4 ይሆንለታል፤ በጓደኛው በኩል ያለው ደግሞ 2 እና 4 ተደምሮ 6። ሁለቱም ቀጥታውን ይመርጣሉ። በመካከላቸው ያለው የ10 ጊጋቢት መስመርስ? ይታገዳል። በአንዱ ኮር ላይ ያለው ሰርቨር ከሌላው ኮር ጋር ለመነጋገር በአሮጌው ስዊች 1 ጊጋቢት ላይ ተጣቦ ያልፋል። ያንን የኦፕቲክስ ሞጁል በውጭ ምንዛሪ የገዛነው ለዚህ ነው? ፕሮቶኮሉ አልተሳሳተም፤ ደንቡን ፈጽሟል። ያላዘዝነው እኛ ነን።

በኛ ከተማ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ መብራት ይሄዳል። ሰርቨር ክፍሉ በዩፒኤስና በጄነሬተር ይቆማል፤ ኮሪደር ዳር ያለው ስዊች ግን በመጀመሪያው ብልጭታ ይጠፋል። ሩቱ እሱ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ኔትወርኩ ማዕከሉን ያጣል፣ አዲስ ምርጫ ያካሂዳል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ያ ስዊች ተነስቶ በትንሿ ቁጥሩ ሥልጣኑን መልሶ ይወስዳል፤ ሁሉም እንደገና ይናወጣል። የሩት መሞት ለራፒድ እጅግ አስቸጋሪው አጋጣሚ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረቡት ጥናት ሩቱ ሲጠፋ የሞተው ስዊች ወሬ በትርፍ መንገዶች ላይ እየዞረ ሕያው መስሎ ሊቆይ እንደሚችልና በዚያ መሐል ጊዜያዊ ሉፕ ሊፈጠር እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ሩቱ በቤቱ ውስጥ ካሉት ስዊቾች ሁሉ የመጨረሻ የሚጠፋው መሆን አለበት። ዲፎልቱ ግን የመጀመሪያ የሚጠፋውን ሊሾም ይችላል።

ደግሞስ «ዲፎልት» ስትሉ የማንን ዲፎልት ነው? የቀድሞዎቹ የሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ከፋብሪካ የሚወጡት ለየቪላኑ የተለየ ዛፍ በሚሠራው፣ ራፒድ ባልሆነው ፒቪኤስቲ ፕላስ ነው፤ አዲሶቹ ራፒድ ፒቪኤስቲ ይዘው ይመጣሉ። የሁዋዌ ስዊቾች ኤምኤስቲፒ ናቸው። የጁኒፐር ኢኤክስ አርኤስቲፒ፣ ማለትም ራፒዱ፣ ነው። የኤችፒ ፕሮከርቭ ደግሞ ስፓኒንግ ትሪው ጠፍቶ ይመጣ ነበር። በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ዘንድሮ የአንዱን፣ ከርሞ የሌላውን ይጭናል። ሁሉም በየዲፎልታቸው ቢተዉ አራት ሐሳብ ያላቸው አራት መሣሪያዎች ተገናኙ ማለት ነው። የሲስኮው በየቪላኑ የሚልከውን መልእክት ሌላው አምራች እንደ ተራ ትራፊክ ያሳልፈዋል እንጂ አያነበውም፤ ፕሮከርቩም ጠፍቶ ከተተወ የማንንም መልእክት አይመልስም። «ራሱ ይስማማል» የሚለው ተስፋ ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ ብሎ ያስባል። ያንን ቋንቋ የሚመርጥላቸው ሰው ካልሆነ ማን ነው?

«ራፒድ ነው፤ ሩቱ የትም ይሁን»

ራፒድ ፈጣን የሚሆነው ቅድመ ሁኔታዎቹ ሲሟሉ ነው፤ ካልተሟሉ ስሙ ብቻ ይቀራል። ፍጥነቱ የሚገኘው ሁለት ስዊቾች በሚያደርጉት ጥያቄና ምላሽ ነው፦ አንዱ «ይህን ፖርት ልክፈት?» ይላል፤ ሌላው «ክፈት» ይላል፤ ወዲያው ይከፈታል። መስመሩ ሙሉ ዱፕሌክስ ካልሆነ ይህ ንግግር አይካሄድም። በሌላኛው ጫፍ ያለው ስዊች ሳይሆን ኮምፒውተር ከሆነም አይካሄድም፤ ኮምፒውተር «ክፈት» ብሎ መመለስ አያውቅምና። ያኔ ስዊቹ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፦ 15 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሌላ 15 ሰከንድ አድራሻ ይማራል፣ ከዚያ ያስተላልፋል። ሠላሳ ሰከንድ።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የተጠቃሚውን ፖርት ኤጅ ፖርት፣ በሲስኮ አነጋገር ፖርትፋስት፣ ብሎ መሰየም። ይህን ያልተናገረ ሰው ምን ይገጥመዋል? መጀመሪያ ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ሠራተኛ በ30 ሰከንዱ ውስጥ አድራሻ ሳያገኝ ይቀራል፤ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይደውላል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ብዙ ባለሙያ የማያስተውለው ነው፦ ከላይ አንድ የኮር መስመር ሲለወጥ እያንዳንዱ ስዊች «ክፈት» ብሎ ከመመለሱ በፊት ኤጅ ያልሆኑ የታች ፖርቶቹን በሙሉ ለጊዜው ይዘጋል። ሉፕ እንዳይፈጠር የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። በነዚያ ፖርቶች ላይ ያሉት ስዊቾች ከሆኑ በቅጽበት ተነጋግረው ይከፈታሉ። ኮምፒውተሮች ከሆኑ ግን ሁሉም ሠላሳ ሰከንዳቸውን ይጠብቃሉ። ኮሩ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይድናል፤ ሕንፃው ግን ለግማሽ ደቂቃ ይሞታል። መስኮት ላይ ለተሰለፈው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» የሚባለው እንዲህ ባለች ግማሽ ደቂቃ ውስጥም ነው። ራፒዱ ወዴት ሄደ? በ802.1ዲ የ2004 እትም ውስጥ ፖርቱ ለ3 ሰከንድ ያህል የስዊች መልእክት ካልሰማ ራሱን ኤጅ የሚያደርግበት ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሁሉም ስዊች ላይ በርቶ አይመጣም። የእናንተው ላይ በርቷል? ተመልክታችኋል?

ሦስተኛው ጉዳት ድምፅ የለውም። ኤጅ ያልተባለ ፖርት ማስተላለፍ በጀመረ ቁጥር ስዊቹ «ዛፉ ተለወጠ» ብሎ ለኔትወርኩ ሁሉ ያውጃል፤ አዋጁን የሰሙት የተማሩትን አድራሻ ይደመስሳሉ። እንደገና እስኪማሩ ድረስ ፍሬሞችን በየፖርቱ ይበትናሉ። ሁለት መቶ ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር አንድ አዋጅ። ከዚያ ባለሙያው «ጠዋት ጠዋት ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል» ብሎ የኢንተርኔት አቅራቢውን ይከሳል።

በመጨረሻም ራፒድ ለአሮጌው ጨዋ ነው። በአንድ ፖርት ላይ የቀድሞውን ስፓኒንግ ትሪ የሚናገር ስዊች ካገኘ በዚያ ፖርት ላይ ወደ አሮጌው አነጋገር ይወርዳል፤ ፍጥነቱንም እዚያ ይጥላል። ያ አሮጌ ስዊች ሲነሳም ፖርቱ «ተመለስ» እስኪባል ድረስ በአሮጌው ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ራፒድ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነው፦ በየትኛው ፖርት? ከማን ጋር?

«መነካካት አደጋ ነው»

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ትልቅ ነገር ይስታሉ። አትንካው ያላችሁትን ነገር ማንም ይነካዋል። ሁሉም ስዊች 32768 ላይ በተተወበት ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ ከዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ ስዊች አውጥቶ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ቢሰካ፣ ማክ አድራሻው ካነሰ የመላው ኔትወርክ ሩት ይሆናል። ፈቃድ አልጠየቀም፤ ትእዛዝ አልጻፈም፤ የይለፍ ቃል አላስፈለገውም። ገመድ ብቻ ሰካ። ታዲያ አደገኛው የቱ ነው፦ አምስት ትእዛዝ አስቦ በእሑድ ጠዋት የሚጽፈው ባለሙያ ወይስ ሰኞ በሥራ ሰዓት ሳያውቅ ሩቱን የሚገለብጠው እንግዳ?

ያልተከታተሉት ስፓኒንግ ትሪ የሚያስከፍለውን ለማየት የቦስተኑን ቤት እስራኤል ዲከነስ ሜዲካል ሴንተር ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2002 የሆስፒታሉ ኔትወርክ ወደቀ፤ ለአራት ቀናት ያህል ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀት ተመለሱ። የመረጃ ሥርዓቱ ኃላፊ ዶክተር ጆን ሃላምካ ነገሩን አልሸሸጉትም፤ ሌሎች እንዲማሩበት በአደባባይ ተናገሩ። ነገሩን የቀሰቀሰው ከአንድ ተመራማሪ የመጣ ከባድ የመረጃ ፍሰት ነበር። ሥሩ ግን ሌላ ነው። ኔትወርኩ ባለፉት ዓመታት ቁራጭ በቁራጭ እየተቀጣጠለ አድጎ፣ የቀድሞው ስፓኒንግ ትሪ በዲፎልት ሰዓቶቹ የሚመከርለትን የ7 ስዊች ስፋት አልፎ ነበር። ያን ሆስፒታል የጣለው አንድ ደፋር መሐንዲስ ፕራዮሪቲ ስለቀየረ አይደለም። ኔትወርኩ ሲያድግ ዛፉ ከልኩ ማለፉን በጊዜው ያረመ ስላልነበረ ነው። ቴክኖሎጂው ዛሬ ተለውጧል፤ በቅጥያ የሚያድግ ኔትወርክ ግን በየቤታችን አለ።

መፍራት ያለብን ነገር አለ፤ እሱም ሳያውቁ መንካት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ማወቅ ነው እንጂ አለመንካት አይደለም። የመኪናውን ፍሬን ለማስተካከል የፈራ ሰው መኪናውን ያቆማል እንጂ ፍሬኑን ሳያይ አይነዳም። ኔትወርኩን ግን ማንም አላቆመውም።

«ትርፍ መስመር የለንም»

ትርፍ መስመር የሚሠራው መሐንዲስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር ያስኬድ ነበር። ሉፕ የሚሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። ጠረጴዛ ያዛወረ ሠራተኛ ተንጠልጥሎ ያገኘውን ገመድ በቅርቡ ባለው ሶኬት ይሰካዋል፤ ሌላው ጫፉም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ አያይም። ሁለት ቀዳዳ ያለው የአይፒ ስልክ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ይሰካል። የሕትመት ክፍሉ ፖርት ስላነሰው ከገበያ ባለ አምስት ፖርት ትንሽ ስዊች ገዝቶ ጠረጴዛ ስር ይጥላል፤ አንድ ቀን ገመዱ በራሱ ላይ ይዞርበታል። አንዱም ተንኮለኛ አይደለም። አንዱም የአይቲ ክፍሉን አላስፈቀደም።

የኢተርኔት ፍሬም ደግሞ እንደ አይፒ ፓኬት የዕድሜ ገደብ የለውም። የአይፒ ፓኬት በየራውተሩ ዕድሜው እየቀነሰ ሲያልቅ ይጣላል። በሉፕ ውስጥ የገባ የብሮድካስት ፍሬም ግን አንድ ሰው ገመዱን እስኪነቅል ድረስ ይዞራል፤ በየዙሩም ቅጂው በየፖርቱ ይሰራጫል። በሰከንዶች ውስጥ የስዊቹ መብራቶች በአንድነት ያብዳሉ፣ ኮምፒውተሮች ይደነዝዛሉ፣ ስዊቹን ከሩቅ ገብቶ ማየት እንኳ ያቅታል። ታዲያ ስፓኒንግ ትሪን «ሉፕ የለንም» ብሎ ማጥፋት ምን ማለት ነው? እስከ ዛሬ አልተቃጠልንም ብሎ የእሳት ማጥፊያውን መሸጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሉባልታም ይስተካከል። «ፖርትፋስት ስፓኒንግ ትሪን ያጠፋል» የሚሉ አሉ። አያጠፋም። ኤጅ ፖርት ሳይጠብቅ ያስተላልፋል እንጂ መልእክቱን መላኩን አያቆምም፤ የሌላ ስዊች መልእክት (ቢፒዲዩ) ከሰማም ኤጅነቱን ይተዋል። ቢፒዲዩ ጋርድ ከተጨመረበት ደግሞ መልእክቱን በሰማበት ቅጽበት ፖርቱ ይዘጋል፤ በራሱ ላይ በዞረ ገመድ የተመለሰውን የገዛ መልእክቱንም ቢሆን። በእርግጥ የሚያጠፋው ቢፒዲዩ ፊልተር የሚባለው ነው፤ ፖርቱን ደንቆሮና ድዳ ያደርገዋል። ሁለቱን ስማቸው ስለተቀራረበ ብቻ የሚያምታቱ አሉ። አንዳንድ ርካሽ ስዊቾችም የስፓኒንግ ትሪን መልእክት ውጠው ስለሚያስቀሩ ሉፑ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ለዚህ የብሮድካስት ጎርፍን የሚገድበው ስቶርም ኮንትሮል በተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ይጨመራል። ከነዚህ አንዱንም ዲፎልት አይሠራላችሁም።

«ጊዜው አልፎበታል»

ሁለት ኮር ስዊቾችን እንደ አንድ አድርጎ ማጣመር፣ ራውቲንግን እስከ አክሰስ ስዊች ማውረድ፣ በዳታ ሴንተር ውስጥ ቪኤክስላን መዘርጋት፤ እነዚህ ሁሉ መስመር ሳይታገድ ትርፍ መንገድን የሚጠቀሙ ንድፎች ናቸው። ጥሩ ናቸው። ገንዘቡና ሙያው ያለው ይሥራቸው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በነዚያ ኔትወርኮች ውስጥ እንኳ ጥንቁቅ መሐንዲስ ስፓኒንግ ትሪን ከሥር አብርቶ ይተወዋል፤ ጠረጴዛ ስር የሚሰካውን ገመድ ቪኤክስላን አያስቆመውምና። ሁለተኛ፣ ይህን ክርክር የሚያነሱት አብዛኞቹ ሰዎች ዛሬም በትራንክ መስመር የተያያዙ ተራ ስዊቾችን ነው የሚያስተዳድሩት። ነገ ይገዛ ይሆናል የሚባለው ንድፍ ዛሬ ላልተሠራው ሥራ ምን ዓይነት ሰበብ ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው የዓመት ፕሮጀክት አይደለም። ጥቂት ውሳኔዎች ናቸው፤ ግን ሰው የወሰናቸው።

አንድ፦ በመላው ኔትወርክ አንድ የስፓኒንግ ትሪ ሞድ ምረጡ፤ ከአንድ በላይ አምራች ካላችሁ ሁሉም የሚያነቡትን ደረጃውን የጠበቀ ሞድ። ሁለት፦ ሩቱን ሹሙ። ጠንካራውን፣ በዩፒኤስ የተደገፈውን፣ መስመሮች የሚሰበሰቡበትን ኮር ስዊች ፕራዮሪቲ 4096 ስጡት፤ ተተኪውን 8192። ፕራዮሪቲ በ4096 ብዜት ነው የሚሄደው፤ ሌላ ቁጥር ስዊቹ አይቀበልም። ሩቱ ፋየርዎሉና ሰርቨሮቹ ያሉበት ስዊች ከሆነ እንዲያውም ይሻላል፤ ዛፉ ትራፊኩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይበቅላል። ሦስት፦ የተጠቃሚ ፖርት ሁሉ ኤጅ ይሁን፣ ቢፒዲዩ ጋርድም ይጨመርበት። የተዘጋው ፖርት ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል፤ ስህተቱ ካልተነሳ እንደገና ይዘጋል። አራት፦ ከኮር ወደ አክሰስ በሚወርዱት ፖርቶች ላይ ሩት ጋርድ አድርጉ፤ ማንም ከታች ተነስቶ «ሩት እኔ ነኝ» እንዳይል። በሁለቱ ኮሮች መካከል ግን አታድርጉ፤ ተተኪው መተካት ሊያቅተው ነውና። አምስት፦ የመንገድ ዋጋ አቆጣጠሩን አንድ አድርጉ። በአሮጌው አቆጣጠር 1 ጊጋቢት 4 ነው፤ በአዲሱ 20,000። ሁለቱን የቀላቀለ ኔትወርክ መንገዱን የሚመርጠው በፍጥነት ሳይሆን በሒሳብ ግጭት ነው።

ከዚያ ፈትኑት። ከሥራ ሰዓት ውጪ አንዱን የኮር መስመር ንቀሉ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደጠፋ ቁጠሩ። ሩቱን አጥፉ፤ የሾማችሁት ተተኪ መተካቱን እዩ። አንድ ገመድ በአንድ ስዊች ሁለት የተጠቃሚ ፖርቶች ላይ ሰኩ፤ መዘጋታቸውን እዩ። ያልተፈተነ ኮንፊገሬሽን ምኞት ነው። የታገደው መስመር የትኛው መሆን እንዳለበትም ቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። ስዊቹ ያገደው ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ አንዳችሁ ተሳስታችኋል፤ ማን እንደሆነ ሳታውቁ አትሂዱ።

ለኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። በጨረታ ሰነዶቻችሁ ላይ «አርኤስቲፒ የሚደግፍ» የሚል መስመር አለ። መደገፍ ምን ይጠቅማል? ለንግድ የሚሸጥ ማኔጅድ ስዊች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይደግፋል። የሚለየው መዋቀሩ ነው፤ እሱ ግን በሰነዱ ውስጥ የለም፤ በርክክቡም ላይ ማንም አይጠይቅም። ኢንተርኔት ከገባ፣ አታሚው ካተመ፣ ፊርማ ይፈረማል።

በእያንዳንዱ ኔትወርክ ውስጥ ሩት ብሪጅ አለ። ሰው ካልመረጠው የፋብሪካ ቁጥር ይመርጠዋል፤ ገለልተኛ የሚባል ሦስተኛ መንገድ የለም። «አልነካሁትም» ያለ ባለሙያ ከውሳኔ አልሸሸም፤ ከሁሉ የከፋውን ውሳኔ በዝምታ አጽድቋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ርክክብ ተቋራጩን ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ሩቱ የትኛው ስዊች ነው? ለምን እሱ ሆነ? የመጀመሪያውን መመለስ ካልቻለ ኔትወርኩን አያውቀውም። ሁለተኛውን «ራሱ መረጠው» ብሎ ከመለሰ ሥራው አላለቀም፤ ፊርማችሁን ያዙ።